የሥራ ሕግ ቃላት ታሪክና የትንሹ አሠሪ ግዴታ

ስለ ሕግ አማርኛ የሚሰማው ወቀሳ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቃሉ ከበደ፣ ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ ግእዙ በዛ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ችግር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ዋና ዋና ቃላት ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው። አሠሪ፣ ሠራተኛ፣ ውል፣ ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብት የሚሉትን ሲያገኝ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ወይም የሕግ ዐዋቂ የሚጠይቅ አንባቢ የለም። እንግዳ የሆነ ቃል አንባቢውን ቆም ያደርገዋል፤ የለመደው ቃል ግን በለመደው ትርጉም ይዞት ይሄዳል። ውጤቱም በመጨረሻ የሚታየው በፍርድ ቤት ነው፤ ትንሹ አሠሪ ያላሰበውን ዕዳ ይከፍላል፣ አለዚያም ሠራተኛው የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከአምስት የማይበልጡ ሰዎችን ቀጥረው ለሚያሠሩ ነጋዴዎች አዋጁን በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ስናሰናዳ፣ ረቂቁን ለአንድ የዳቦ ቤት ባለቤት አነበብንላቸው። እርሳቸውም በጽሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ «መልካም ነው፤ ነገር ግን እኔ ሠራተኛ የለኝም» አሉን። በዚያው ሰዓት ሁለት ወጣቶች ከምድጃው ፊት ቆመው ሊጥ ያድቦለብሉ ነበር። «እነዚህስ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እነዚህማ ልጆቼ ናቸው፤ አንዱ የአገሬ ልጅ ነው፣ ሁለተኛውን ያመጣው እርሱ ነው። ሠራተኛዋማ ቤት ናት» ሲሉ መለሱልን። ወጣቶቹም በበኩላቸው ሰውየውን የሚጠሩት «ጋሼ» እያሉ እንጂ «አሠሪያችን» እያሉ አልነበረም።

ሰውየው አልዋሹም፤ አማርኛቸውም አልተሳሳተም። በከተማ ቤተሰብ ንግግር ውስጥ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል ሲነገር በቅድሚያ የሚያመለክተው የቤት ሠራተኛን ነው። ሕጉ ግን ነገሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ትርፍ ለማግኘት ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረገውን ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ትቶ፣ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን አድርጓል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገሩት ከ2601 እስከ 2604 ያሉት አራት አንቀጾች ብቻ ናቸው። እንግዲህ በየቤቱ «ሠራተኛ» እየተባለች የምትጠራው በአዋጁ ቋንቋ ሠራተኛ አይደለችም፤ «ልጅ» እየተባለ የሚጠራው የዳቦ ጋጋሪው ረዳት ግን ሙሉ በሙሉ ሠራተኛ ነው። ከዚህ የበለጠ የቃልና የሕግ መለያየት በሌላ የሕግ ክፍል ውስጥ ማግኘታችንን እንጠራጠራለን።

ይህ መለያየት ከየት መጣ? ዘመናዊው የሥራ ሕግ ከመውጣቱ በፊት አገልግሎትን የሚመለከቱት ያማርኛ ቃላት የሥራውን ዓይነት ሳይሆን የሰውየውን ደረጃ የሚናገሩ ነበሩ። ጌታና ሎሌ፣ እመቤትና ገረድ፣ አሽከርና አለቃ፣ እነዚህ ሁሉ አንዱ በሌላው ቤት ውስጥ ያለውን ስፍራ ይገልጣሉ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ አገልጋዩ የቤተ ሰቡ አካል ነው፤ ቀለቡንና ልብሱን ከጌታው ያገኛል፣ ሲያገባ ይዳራል፣ ሲታመም ይታከማል፣ ሲያጠፋ ይገሠጻል። ከእነርሱም በታች የባርነት ቃላት ነበሩ፤ የባርነት ሕጋዊ ሁኔታ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ነው። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ የሕግ አርቃቂዎችና ተርጓሚዎች ለአዲሱ ግንኙነት ስም ሲፈልጉ ደረጃ የማይሸት ጥንድ ቃል ማግኘት ነበረባቸው።

በግእዝ «ዐስብ» የሥራ ዋጋ፣ «ዐሳብ» ደግሞ በዋጋ የሚሠራ ሰው ነው፤ የኋለኛው በአማርኛ ከ«ሐሳብ» ጋር በድምፅ ስለሚጋጭ ለአዲስ ስያሜ የሚመች አልነበረም። «ምንደኛ» የሚለው ከምንዳ የወጣ ቃልም ነበር፤ ነገር ግን እረኛ ያልሆነ፣ ለገንዘብ ብቻ የቆመ ሰው የሚል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥላ ተጫነው። «ቅጥረኛ» ከሁሉም ይልቅ ግልጥ በሆነ ነበር። ቀጠረ፣ ቀጠሮ፣ ቅጥር፣ ተቀጣሪ እያለ የሚረባው ግሥ ጊዜ መወሰንንና ሰው ማሠማራትን ባንድነት የያዘ ሲሆን (አጥር የሚል ትርጉም ያለው «ቅጥር» ከግእዙ «ቅጽር» የመጣ ሌላ ቃል መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናሳስባለን) «ቅጥር» እስከ ዛሬ ድረስ ንጹሕ የአስተዳደር ቃል ሆኖ ቆይቷል። የልጁ የ«ቅጥረኛ» ዕድል ግን ሌላ ሆነ፤ ለባዕድ ወይም ለጠላት በገንዘብ የተገዛ የሚል ስድብ ሆኖ ቀረ። ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት አንዱ ወደ መሥሪያ ቤት መዝገብ፣ ሌላው ወደ ፖለቲካ ውግዘት ሲሄዱ ከማየት ይልቅ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅም ትምህርት ጥቂት ነው።

በመጨረሻ የተመረጡት «አሠሪ» እና «ሠራተኛ» ናቸው። ምርጫው በጎ ምርጫ ነበር እንላለን። ሁለቱም ከአንድ ግሥ የወጡ፣ ደረጃን ሳይሆን ድርጊትን የሚናገሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚያስታውስ ጥንድ ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ከበፊት ሕይወቱ ይዞት የመጣው ነገር አለ። «ሠራተኛ» በንግግር ትጉህ ማለትም ነው፤ «ሠራተኛ ሴት ናት» የሚለው ምስጋና ነው፣ «እርሱ ሠራተኛ አይደለም» የሚለውም ሰነፍ ነው ለማለት ይነገራል። «አሠሪ» ደግሞ የአስደራጊ ግሥ ባለቤት ነው። ቤት የሚያስገነባ፣ ለአናጢ ወንበር የሚያዝ፣ ለሸማኔ ጋቢ የሚያሠራ ሁሉ በሰዋስው ሕግ አሠሪ ነው። ወንበሩን ያዘዘው ሰው ግን ለአናጢው በሕግ አሠሪ አይደለም፤ አናጢው በራሱ የሙያ ወይም የንግድ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ነውና አዋጁ ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። አናጢው ራሱ በወር ደመወዝ የያዘው ረዳት ካለው ግን አናጢው አሠሪ ነው። ሰዋስው እነዚህን ሁለት ግንኙነቶች አይለይም፤ የሚለየው ሕጉ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጸሓፊዎች ሠውን በሰ እየለወጡ «አሰሪ» ብለው ሲጽፉት፣ ቃሉ ማሰርን ከሚያመለክተው ከ«አሰረ» ወገን ይመስላል። ይህ ግን ለቀልድ ካልሆነ በቀር ያደረሰው ጉዳት ያለ አይመስለንም።

ጥንዱ በሕግ የጸናው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ በማንኛውም ሙያ የመሠማራትንና ለዚሁም ማኅበር የማቋቋምን መብት በሕግ መሠረት ፈቀደ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ፤ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሲሆን፣ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። የሥራ ውል ከቁጥር 2512 ጀምሮ ተደነገገ፤ በዋጋ የሚሠራው የራስ ገዝ ባለሙያ ውል ደግሞ ከ2610 ጀምሮ ለብቻው ተቀመጠ። ቀጥሎም በ1954 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 49፣ እርሱም በ1956 ዓ.ም. ጸድቆ አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ፣ የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከት የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ሕግ ሆነ።

በዚያ ዘመን ሕጉ በዓይነ ኅሊናው ያየው አሠሪ ትልቅ ነበር፤ የስኳር ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የምድር ባቡር። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኞች ያስፈልጉ ስለ ነበር፣ «አሠሪ» የሚለው ቃል በሕዝብ ጆሮ ከፋብሪካና ከማኅበር፣ ከጡሩምባና ከሥራ ማቆም ጋር ተያይዞ ገባ። ባለ ሻይ ቤቱና ባለ ወፍጮው ራሱን በዚያ ቃል ውስጥ አላየም፤ የሚያይበትም ምክንያት አልነበረውም።

የሚያስገርመው የሚከተለው ነው። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 የቀድሞውን የሥራ ሕግ ሲተካ፣ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ባለሀብት ካፒታል በችርቻሮ ንግድ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ስለ ተዛወሩ፣ የግል አሠሪ የሚባለው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሕግ ኃይል ትንሽ አሠሪ ብቻ ሆነ። የሥራ ሕግ ቃላት ወደ እርሱ ዘወር ብለው ግዴታውን በግልጥ ሊነግሩት የሚገባበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ የሰጠው ስም ሌላ ነው፤ «ንዑስ ከበርቴ» ተባለ። ሠራተኛውም «ወዝ አደር» እና «ላብ አደር» ሆነ። እነዚህ ቃላት ከ«ወታደር» እና ከ«አርሶ አደር» አምሳል የተቀረጹ፣ በስያሜ አወጣጥ ረገድ የተዋጣላቸው ናቸው፤ እኛም አናናንቃቸውም። ሆኖም አንዱ ቃል የሚያመሰግን፣ ሌላው የሚከስ ሆነና ሁለቱም ስለ ዕለት ግዴታ አንዳች የሚሉት አልነበራቸውም። ንዑስ ከበርቴ ነህ የተባለ ሰው ስንት ቀን ዕረፍት መስጠት እንዳለበት ከስሙ አይረዳም።

ከዚያ ወዲህ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ተከታትለው ወጥተዋል። «አሠሪ» ማለት አንድ ወይም ከአንድ በላይ ሰዎችን ቀጥሮ የሚያሠራ ነው። አንድ! የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ዛሬ 10 ሠራተኞች ይበቃሉ፤ ይህ ቁጥር ግን የማኅበር እንጂ የአሠሪነት መነሻ አይደለም። ከአሥር በታች ነኝና ሕጉ አይመለከተኝም የሚለው አስተሳሰብ የሁለቱ ቁጥሮች መደበላለቅ የወለደው ነው። «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ስያሜም ይህንኑ ስሕተት ረድቶታል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የልማት ስትራቴጂ መሠረት እስከ 5 ሰው የሚያሠራው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 የሚያሠራው አነስተኛ ተባለ፤ ይህ ግን ድጋፍ ለመስጠት የተደረገ ክፍፍል እንጂ ከሥራ ሕግ ነጻ የሚያወጣ አይደለም። በንግግራችን «ጥቃቅን ጉዳይ» ማለት ሊታለፍ የሚችል ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ጥቃቅን የተባለው ባለ ሱቅ ሕግ ያልፈኛል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በአንጻሩ «ድርጅት» የሚለው ቃል ከልክ በላይ ገዝፎበታል፤ በሕዝብ አነጋገር ድርጅት ማለት በር ጠባቂና ማኅተም ያለው ትልቅ ተቋም ነው። በአዋጁ ግን በአንድ አመራር ሥር የሚካሄድ ማናቸውም የንግድ፣ የኢንዱስትሪ፣ የእርሻ፣ የግንባታ ወይም ሌላ ሕጋዊ ሥራ ድርጅት ነውና አንዲት የቡና መፍያ ክፍልም ድርጅት ናት።

ስለ «ውል» ባጭሩ እንናገር። ቃሉ ከፈትል ዓለም የራቀ አይደለም፤ የልቃቂት ውል ሲጠፋ መተርተሩ ይቸግራል፤ መጨረሻው የማይታወቅ ነገርም ውሉ ጠፋ ይባላል። በከተማ ግን «ውል» በወረቀት፣ በፊርማና በምስክር ታስሯል፤ «ኮንትራት» የሚለው የውሰት ቃል ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ሥራ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ምንም ያልፈረመ አሠሪ ምንም ውል የለብኝም ይላል። አዋጁ የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። የሥራ ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ጊዜው ካልተወሰነም ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ግን በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ርዝመቱም ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም (በ1996ቱ አዋጅ ተከታታይ 45 ቀናት ነበር)። እንግዲህ ወረቀት አለመጻፍ የሚጎዳው ብዙዎች እንደሚያስቡት ሠራተኛውን ሳይሆን በመጀመሪያ አሠሪውን ነው።

«ደመወዝ»ን ሕዝብ ደምና ወዝ ብሎ ይተረጉመዋል፤ ከዚህ የሕዝብ ትርጓሜ በላይ ግን የቃሉን የቀድሞ ጠባይ የምታሳየን «የደመወዝ ጋብቻ» ናት። በዚያ ልማድ ደመወዝ ማለት ለታወቀ ጊዜ የተቆረጠ ዋጋ ነበር። ሕጉ የሚያውቀው ደመወዝ ለመደበኛ ሥራ የሚከፈለውን ብቻ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል በውስጡ አይቆጠሩም። ቀለብና መኝታ ደመወዜን ይተካሉ የሚለውን የጌታና የሎሌ ዘመን ሐሳብ አዋጁ በቁጥር ወስኖታል፤ በዓይነት የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ከ30 በመቶ መብለጥ አይችልም። ብርጭቆ ሰበርህ ተብሎ የሚቆረጠውም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አያልፍም።

«የዓመት ፈቃድ» ሌላ ወጥመድ ናት። ፈቃድ የፈቃጅ ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሳይፈልግ የሚነሣው ችሮታ ይመስላል። (በእንግሊዝኛም ለዚሁ የሚያገለግለው ቃል መነሻው «ይሁንታ» ማለት ነበርና ጥፋቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም።) ሕጉ ግን ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ቆርጦ ሰጥቷል፤ ሠራተኛው ራሱ ልተወው ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። የሳምንቱን 24 ሰዓት «ዕረፍት» ብሎ የዓመቱን «ፈቃድ» ማለት ምን እንዳስገደደ አይገባንም፤ «የዓመት ዕረፍት» የሚለው የሕዝብ አነጋገር ከሕጉ ቃል ይሻላል። «ትርፍ ሰዓት»ም በነጋዴ ጆሮ ውስጥ የራሱን ትርፍ ያስታውሳል እንጂ በቀን ሥራ ላይ የአንድ ሰዓት ዋጋ በአንድ ተኩል፣ በሌሊት በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል እየተባዛ የሚወጣ ዕዳ መሆኑን አይናገርም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው እንምጣ። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው ተግሣጽ ነው፤ ያረፈደ ወይም የቀረ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሁለተኛው የውል ማቋረጫ ጊዜ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ 3 ወር አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለሁለቱ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት አሉት፤ የአማርኛው አንድ ብቻ። አማርኛው ገዥ ቅጂ ስለ ሆነም፣ ከእርሱ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ድብልቁን ወርሰው ይቀጥላሉ።

ከዚህ የሚደርሰውን ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት በቀን 100 ብር የሚያገኝ ሰፊ አላት እንበል፤ አራት ዓመት አገልግሏል። ሰፊው የሠራውን ልብስ ጥራት ስላጓደለ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ አስጠነቀቀችው፤ በአራተኛው ቀን አሰናበተችው። «ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ» ብላ በቅን ልቡና ትከራከራለች። የሰጠችው ግን ተግሣጽ ነው፤ የሁለት ወሩ ጊዜ አልተሰጠም። ለማሰናበት በቂ ምክንያት ኖሯት የጎደላት ይህ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ የምትከፍለው የሁለት ወር ደመወዙንና ሌሎች የሚገቡትን ክፍያዎች ነው። ምክንያቱ ሕጋዊ ሆኖ ካልተገኘና ሠራተኛው ወደ ሥራው ካልተመለሰ ግን በዚያ ላይ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ፣ ማለትም 18,000 ብር ካሣ ይጨመርባታል። አንድ የስፌት መኪና ያላት ሴት ይህን ከየት ታመጣለች? በሌላ በኩል ሁለት ወር ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ የተነፈገው ሰፊም የቤት ኪራይ አለበት።

በበኩላችን ሁለተኛውን ትርጉም ከመጀመሪያው መለየት ይገባል እንላለን። «ቅድመ ማሳወቂያ» የሚለውን እናቀርባለን። «ማስታወቂያ» የሚለውን ያልመረጥነው የንግድ ማስታወቂያ ስለ ወሰደው ነው። አዋጁ እስኪሻሻል ድረስ ቃሉን መለወጥ አይቻልም፤ የማብራሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ግን «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» ባለበት ሁሉ በቅንፍ «ውል ከመቋረጡ በፊት የሚሰጥ ቅድመ ማሳወቂያ» ብሎ ቢያስገባ ሕጉን አይነካም።

«ስንብት»ም የዚሁ ወገን ነው። ተሰናበተ ማለት እጅ ነሥቶ ሄደ ማለት ነው፤ አሰናበተ ማለትም በጎ ቃልና ምናልባትም ስጦታ ሰጥቶ ሸኘ ማለት ነበር። አባረረ የሚለውን ሸካራ ቃል ለማለዘብ መሥሪያ ቤቶች «አሰናበተ»ን ወሰዱ፤ ክፍያውም «የስንብት ክፍያ» ተባለ። ስለዚህ በትንንሽ ቤቶች ውስጥ ክፍያው እንደ መሸኛ ይታያል፤ የወደዱት ልጅ ሲሄድ ሸሚዝና ጥቂት ብር ይሰጠዋል፣ ያልወደዱት ምንም አያገኝም። ሕጉ በሚዘረዝራቸው የመቋረጥ ምክንያቶች ግን ክፍያው ስሌት እንጂ ስጦታ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። የልብስ ሰፊያችን ለመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 1,000 ብር ያህል በየዓመቱ፣ በድምሩ 6,000 ብር ይሆናል። በስሙ ምክንያት ይህን ያልጠበቀችው አሠሪ እንደ ተዘረፈች ብትቆጥረው አይገርመንም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ስሙና ግብሩ የተስማማለት አንድ ቃል አለ፤ «ጡረታ»። ጦረ ከሚለው ግሥ ወጥቶ፣ ጧሪና ቀባሪ ከሚለው አነጋገር ጋር ተዛምዶ፣ ማንም ሳያስተምረው ሕዝብ ተረድቶታል። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲታወጅ ብዙ ማብራራት ያስፈለገው ስለ መዋጮው እንጂ ስለ ቃሉ አልነበረም፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ምን ያድርጉ? ለ«አሠሪ» የምናቀርበው ረቂቅ አገባብ እንዲህ ነው። አሠሪ፣ ስም፤ 1. ሌላውን እንዲሠራ የሚያደርግ፤ ቤት፣ ዕቃ ወይም ሌላ ነገር አስሠርቶ የሚወስድ (ጋቢ አሠሪ)። 2. (በሕግ) አንድም ሰው ቢሆን በደመወዝ ቀጥሮ በራሱ አመራር ሥር የሚያሠራ ሰው ወይም ድርጅት፤ የተቀጠረው ሰው ልጅ፣ ረዳት፣ ዘመድ ወይም ለማጅ ተብሎ ቢጠራም። በሁለተኛው ላይ «ተብሎ ቢጠራም» የሚለውን ሐረግ ባልደረቦቻችን ለመዝገበ ቃላት አይገባም፣ የሕግ ስብከት ነው ብለው ተከራክረውናል። እኛ ግን የቃሉ ችግር ያለው በዚያው ሐረግ ውስጥ ነውና ይቆይ እንላለን። «የሥራ መሪ»ም ተመሳሳይ ማስታወሻ ያሻዋል፤ ገንዘብ ተቀባዩን ኃላፊ ብሎ መሾም የሥራ መሪ አያደርገውም፤ የሚያደርገው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት እውነተኛ ሥልጣን መኖሩ ነው።

አጭር ጽሑፋችንን በዚህ መንገድ አርመን ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለስን። «ሠራተኛ» ባለበት ስፍራ ሁሉ «ሠራተኛ፣ ማለት በደመወዝ የሚያሠሩት ልጅ ወይም ረዳት» ብለን አስገብተን ነበር። ባለቤቱ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ምድጃው ዘወር ብለው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ታላቁን ልጅ ጠርተው፣ «አንተ፣ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ጋሼ፣ ለመስቀል ሦስት ዓመት ይሞላኛል» አለ። እኛንም፣ «የ15 ቀኑ እንግዲህ አልፏል፤ አሁን ብጽፍለት ቀኑን የዛሬውን ላድርገው ወይስ የዚያን ጊዜውን?» አሉን። ሥራ የጀመረበት ቀን የዚያን ጊዜው፣ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን የዛሬው እንዲሆን ነገርናቸውና ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ።